ከወለሉ በታች ያለው መንገደኛ

በአውሮፕላኑ መስኮት ቁልቁል ስመለከት መጀመሪያ ያየሁት ግራጫውን ሳጥን ነበር። ሻንጣ በሚጎተትበት ጋሪ ጫፍ ላይ፣ በሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች መካከል፣ በሩ ወደ እኔ ዞሮ ተቀምጧል፤ ከሽቦው በስተጀርባ የቡቺ አፍንጫ ብቻ ይታየኛል። ቡቺ ያኔ የስምንት ዓመት ውሻ ነበር። ለሥራ ከአገር ወደ አገር ስዛወር ጥዬው መሄድን አንድም ቀን አላሰብኩም፤ ክብደቱ ግን ከነመያዣው ከስምንት ኪሎ በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ ብዙዎቹ አየር መንገዶች ባላቸው ደንብ መሠረት፣ ከእኔ ጋር ተሳፋሪዎች ወዳሉበት ክፍል ሊገባ አልቻለም። ስለዚህ የሚጓዘው ከእግሬ በታች፣ ከወለሉ ሥር ባለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀበቶዬን አስሬያለሁ፤ እሱ ገና ፀሐይ ላይ ነው።

የመነሻ ሰዓታችን አልፎ ነበር። አብራሪው ከበረራ ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ እየጠበቅን መሆኑን በድምፅ ማጉያ ከነገረን በኋላ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ዕቃ ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ከክንፉ ጥላ ሥር ገቡ፤ ሻንጣ ወደ ላይ የሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ቀበቶም ቆመ፤ ጋሪው ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ከአስፋልቱ የሚነሣው ሙቀት ሲርገበገብ በዐይን ይታያል። ከሳጥኑ በር በውስጥ በኩል ያንጠለጠልኩለትን የውኃ ሳህን ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬ በረዶ አድርጌው ነበር፤ ውኃ ከሆነ ገና ሲጭኑት ይደፋል፣ በረዶ ከሆነ ግን ቀስ እያለ እየቀለጠ በመንገድ ላይ ይጠጣዋል። ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያም አርባ። በረዶው አሁን አልቋል ብዬ አሰብኩ።

የጥሪ ቁልፉን ተጫንኩ። ለመጣችው ወጣት አስተናጋጅ ነገሩን በትሕትና አስረዳኋት፤ ውሻዬ ፀሐይ ላይ መሆኑን፣ እንዲጫን ወይም ጥላ ውስጥ እንዲቀመጥ ለሚመለከተው ሰው እንዲነገርልኝ ለመንኳት። «ጫኞቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ እባክዎ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀምጬ ነበር። ጥቂት ቆይቼ ለሁለተኛ ጊዜ ስጠራት ድምፅዋ ተለወጠ፤ «ይህን ጥያቄ የሚደጋግሙት ከሆነ ለካፒቴኑ ማሳወቅ ግድ ይሆንብኛል» አለች። እኔም የፈለግሁት ለካፒቴኑ እንዲነገር ነበር፤ እሷ ልትነግረው ያሰበችው ግን ስለ እኔ እንጂ ስለ ውሻው አልነበረም። ዙሪያዬ ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩኝ። «እሺ» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያች «እሺ» ብዙ አስቤአለሁ። አውሮፕላን ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ይዟት ይሳፈራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ተገቢ ናት። በ1963 የተፈረመው የቶኪዮ ስምምነት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፕላኑን ደኅንነትና በውስጡ ያለውን ሥርዓት የማስከበር ሥልጣን ለካፒቴኑ ሰጥቶታል፤ አስተናጋጆቹም በእርሱ ሥር ሆነው ይሠራሉ። ጭስ ቢነሣ ወይም አውሮፕላኑ በድንገት ቢያርፍ፣ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ራሱንም ሌላውንም ያስጨርሳል። ይህን ሥልጣን የሚቃወም ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልቃወምም። የሚያሳስበኝ፣ ለእሳትና ለአደጋ ተብሎ የተሰጠው ሥልጣን ከደኅንነት ጋር ምንም ግንኙነት ወደሌላቸው ጉዳዮች ሲፈስስ፣ ተሳፋሪው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ትእዛዙ የሚነገረው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

ማርች 12 ቀን 2018 ከሂዩስተን ወደ ኒው ዮርክ ላጓርዲያ በተነሣው የዩናይትድ ኤርላይንስ አውሮፕላን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ፣ ኮኪቶ የሚባል የአሥር ወር የፍሬንች ቡልዶግ ቡችላም ለዚሁ በተሠራ ቦርሳ ውስጥ ይዛ ተሳፈረች። ቡችላው በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥ እንዲጓዝ ተፈቅዶለት ነበር፤ ቦታውም ከፊት ካለው ወንበር ሥር ነው። አስተናጋጅዋ ግን ቦርሳው መተላለፊያውን ይዘጋል ብላ ከራስ በላይ ባለው የሻንጣ መደርደሪያ ውስጥ እንዲገባ አዘዘች። ያ መደርደሪያ ለኮትና ለሻንጣ የተሠራ እንጂ ነፍስ ያለው ነገር እንዲተነፍስበት የታሰበ አይደለም። በአቅራቢያው የነበሩ ተሳፋሪዎች የውሻውን ድምፅ መስማታቸውን፣ ኋላም ዝም ማለቱን ተናግረዋል። ከሦስት ሰዓት በላይ ከፈጀው በረራ በኋላ መደርደሪያው ሲከፈት ቡችላው ሞቷል። አየር መንገዱ ፈጽሞ መሆን ያልነበረበት ነገር ነው ብሎ ኃላፊነቱን ወሰደ፤ አስተናጋጅዋም በቦርሳው ውስጥ ውሻ እንዳለ አላወቅሁም ማለቷ ተነገረ።

ብዙ ሰው ያን ጊዜ «እናትየዋ ለምን አልተቃወመችም? የቀሩት ተሳፋሪዎችስ ለምን ተነሥተው አላወጡትም?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ግን ስለ እነዚያ ተሳፋሪዎች ሳስብ ከዓመት በፊት የሆነው ነገር ትዝ ይለኛል። ኤፕሪል 9 ቀን 2017 ከቺካጎ ኦሄር ወደ ሉዊቪል ሊበር በነበረ፣ የዚያው አየር መንገድ ስም ባለበት አውሮፕላን ውስጥ፣ ለአራት የበረራ ሠራተኞች ቦታ ለማግኘት ሲባል ሐኪሙ ዴቪድ ዳኦ ከተቀመጠበት ወንበር ተጎትቶ፣ አፉ እየደማ በመተላለፊያው ላይ ሲወሰድ ዓለም ሁሉ በቪዲዮ አየው። ያን ምስል ያየ ተሳፋሪ «ይህ ልክ አይደለም» ከማለቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ልጆቿን ይዛ የተቀመጠች እናትማ ሦስት ጊዜ ታስባለች። በሰውየው ላይ የደረሰውና በቡችላው ላይ የደረሰው ለየብቻቸው ሲወሩ እሰማለሁ፤ አንዱ ስለ ተሳፋሪ መብት፣ ሌላው ስለ እንስሳት ደኅንነት ተደርጎ። በእኔ እምነት ግን አንድ ታሪክ ናቸው። በአንደኛው ተሳፋሪ አልታዘዝም ብሎ ተጎተተ፤ በሁለተኛው ተሳፋሪ ታዝዞ ውሻ ሞተ፤ በሁለቱም ቦታ ቆም ብሎ የሚያዳምጥ ጆሮ ጠፍቷል።

የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ ምን እንደ ነበር መናገር ባልችልም፣ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሕግ ውስጥ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኦክቶበር 5 ቀን 2018 የተፈረመው የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ በአንዱ ክፍሉ ሕይወት ያለው እንስሳ ከራስ በላይ ባለ የሻንጣ መደርደሪያ ውስጥ እንዳይገባ ሲከለክል፣ በሌላው ክፍሉ ደግሞ ቲኬቱ ተረጋግጦና የመሳፈሪያ ወረቀቱ በር ላይ ተቀባይነት አግኝቶ የገባ ተሳፋሪ፣ የደኅንነት ወይም የጤና ምክንያት ካልመጣ ወይም ተሳፋሪው ራሱ ሥርዓት ካልጣሰ በስተቀር፣ ያለ ፈቃዱ እንዳይወርድ ይከለክላል። አንድ ሰው ደምቶ፣ አንድ ቡችላ ሞቶ የተጻፈ ሕግ ነው።

ወደ ጋሪው ልመለስ። ያን ዕለት የፈራሁት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ግን ሌላውን ነው። ውሻውን ወይም ድመቱን የሚልክ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ሰማዩ ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ እንዴት ይተነፍሳል፣ ቅዝቃዜውን እንዴት ይችለዋል ይላል። እንደ እውነቱ ከሆነ በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የዕቃው ክፍልና የተሳፋሪው ክፍል የአየር ግፊታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ የታሸገ አካል ውስጥ ስለሆኑ እኛ የምንተነፍሰው ግፊት እታችም ይደርሳል፤ ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ተራራ ጋር የሚመሳሰል ነው። ሙቀቱ ግን እንደ አውሮፕላኑ ዓይነትና እንደ ክፍሉ ይለያያል፤ ለዚህ ነው እንስሳ በተገኘው ክፍል ሁሉ ሳይሆን በሚስማማው ክፍል ብቻ የሚጫነውና ካፒቴኑ አስቀድሞ እንዲያውቅ የሚደረገው። ከባዱ ነገር መሬት ላይ ነው፤ ከተርሚናሉ እስከ አውሮፕላኑ ባለው መንገድ፣ በጋሪው ላይ፣ በሩ ተከፍቶ በሚጠብቀው የዕቃ ክፍል ውስጥ።

ውሻ እንደ እኛ በቆዳው አያልብም። ሙቀቱን የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ አየሩ ራሱ የሞቀ ከሆነ ማለክለኩ ብዙ አይረዳውም። እንደ ኮኪቶ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ደግሞ የመተንፈሻ መንገዳቸው ጠባብ ስለሆነ በደህናው ቀን እንኳ ይቸገራሉ። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አየር መንገዶች ሪፖርት ማድረግ ከጀመሩበት ከሜይ 2005 አንሥቶ ያሉትን አምስት ዓመታት አስመልክቶ በ2010 ባወጣው መረጃ 122 ውሾች መሞታቸው ተመዝግቧል፤ ግማሽ ያህሎቹ አፍንጫቸው አጭር የሆኑ ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ አየር መንገዶች እነዚህን ዝርያዎች በዕቃ ክፍል አንጭንም ማለት ጀመሩ፤ ባለቤቶቹ ቅር ቢላቸውም ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ደንብ በዚህ ጉዳይ ላይ ቁጥር አስቀምጧል። ውሻ ወይም ድመት ከተርሚናል ወደ አውሮፕላን በሚጓጓዝበት ጊዜ ከ29.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ከ45 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ለሰውም ቁጥር አለው፤ በዚያው አገር ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ የአገር ውስጥ በረራ ተሳፋሪዎች መሬት ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይወርዱ እንዲቆዩ ማድረግ አይፈቀድም፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ውኃና የሚቀመስ ነገር ሊሰጣቸው ይገባል። ለሰው ሦስት ሰዓት፣ ለውሻ አርባ አምስት ደቂቃ። እነዚህን ቁጥሮች ያወቅኋቸው በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ባውቃቸው ኖሮ ከመስኮቱ ሆኜ የበለጠ እጨነቅ ነበር። ሰዓቱን የሚቆጥር ሰው ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ምን ይሠራል? በዚያች ሰዓት ውሻው ፀሐይ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም «እባክዎ ይቀመጡ» ተብሏል።

በወጣቷ አስተናጋጅ ላይ መፍረድ አልፈልግም። በሮች ከመዘጋታቸው በፊት ያለው ጊዜ ለበረራ ሠራተኞች እጅግ የተጨናነቀ ነው፤ ሻንጣው አይገባም ይላል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ መቀመጫ ይቀያየራል፣ የመነሻው ሰዓት ይቆጥራል። በአሜሪካ አየር መንገዶች ደግሞ ለረጅም ዘመን የአስተናጋጆች የሰዓት ክፍያ የሚጀምረው የአውሮፕላኑ በር ከተዘጋ በኋላ ነበር፤ ዴልታ ለመሳፈሪያው ጊዜ በግማሽ ሒሳብም ቢሆን መክፈል የጀመረው በ2022 ነው። ተሳፋሪ አብዝቶ የሚጠይቅበት ሰዓትና ሠራተኛው ያለ ክፍያ የሚሮጥበት ሰዓት አንድ ላይ ሲገጣጠሙ፣ ጥያቄ ሁሉ እንቅፋት መስሎ ቢታይ አይገርምም። የአየር መንገድ አስተዳዳሪዎች ስለ መስተንግዶ ሥልጠና ከማውራታቸው በፊት ይህን ቢያዩት መልካም ነበር።

እኛ ባለቤቶችም ንጹሕ አይደለንም። ያልሠለጠነ ውሻ «መንፈሴን ያረጋጋልኛል» በሚል ወረቀት ብቻ ይዘው የሚሳፈሩ ሰዎች በመብዛታቸው፣ የአሜሪካ መንግሥት በዲሴምበር 2020 ባወጣውና በጃንዋሪ 2021 በጸናው ደንብ አየር መንገዶች እንደ አገልጋይ እንስሳ የመቀበል ግዴታ ያለባቸው ለአካል ጉዳተኛ ሥራ ወይም ተግባር እንዲያከናውን የሠለጠነ ውሻን ብቻ እንዲሆን አደረገ። በዚህ የተጎዱት ከሁሉ በፊት ማየት የተሳናቸውና በእውነት በውሻቸው የሚመሩ ሰዎች ነበሩ፤ በየበሩ በጥርጣሬ እየታዩ ያልፉ ነበርና። እኔም ከጉዞው በፊት ቡቺ እንዳይጨነቅ ብዬ የሚያስተኛ መድኃኒት እንዲሰጠው ለእንስሳት ሐኪሙ ነግሬው ነበር። ሐኪሙ እምቢ አለኝ። የደነዘዘ ውሻ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ሳጥኑ ሲያጋድል ራሱን ደግፎ መቆም አይችልም፤ ይልቅስ ሳጥኑን ከአንድ ወር በፊት ቤት አስገባና በሩን ክፍት አድርገህ አስተኛው አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቡቺ ማንም ሳያዘው ገብቶ መተኛት ጀመረ።

በሕግ ፊት ቡቺ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። በ2019 አንዲት ተሳፋሪ ከቦነስ አይረስ ወደ ባርሴሎና በአይቤሪያ አውሮፕላን ልትጓዝ ስትል ውሻዋ ወደ አውሮፕላኑ በሚወሰድበት ጊዜ አምልጦ ጠፋ። ለደረሰባት ሐዘን 5,000 ዩሮ ካሳ ጠየቀች፤ አየር መንገዱም ኃላፊነቱን አምኖ፣ ካሳው ግን ለተመዘገበ ሻንጣ ከተወሰነው ጣሪያ አይበልጥም አለ። ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ደርሶ ኦክቶበር 16 ቀን 2025 ውሳኔ ተሰጠ፤ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ አየር መንገዶች የሚከፍሉትን ካሳ በሚወስነው፣ በ1999 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ትርጉም ከተሳፋሪ ጋር የሚጓዝ የቤት እንስሳ «ሻንጣ» ከሚለው ቃል ውጭ አይደለም ተባለ። ተሳፋሪው ሻንጣውን ሲያስረክብ ልዩ ዋጋ እንዳለው አስመዝግቦ፣ ከተጠየቀም ተጨማሪ ከፍሎ ካልሆነ በስተቀር፣ ለጠፋው ነፍስ የሚከፈለው ለጠፋ ልብስ ከሚከፈለው ጣሪያ አያልፍም። ዳኞቹ የተጻፈውን ሕግ ተርጉመዋል፤ ስምምነቱ ሰውን፣ ሻንጣንና ጭነትን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ውሻው ደግሞ ሰው አይደለም። የሚያንገበግበኝ፣ ልዩ ዋጋ ማስመዝገብ የሚባል መብት መኖሩን በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ የሚነግረን ሰው አለመኖሩ ነው። የእኔን ቡቺ የተቀበለችው ሠራተኛ ሳጥኑን መዘነች፣ ክትባቱን አየች፣ የማይክሮቺፑን ቁጥር አመሳከረች፣ «ሕይወት ያለው እንስሳ» የሚለውን አረንጓዴ ወረቀት ለጠፈች፤ ስለ ልዩ ዋጋ ማስመዝገብ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም መጠየቅ አላወቅሁበትም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ መንገደኞችም በዓለም አቀፍ በረራ ላይ እግራቸው የሆነው ወንበር ሲሰበር በሕግ የሚቆጠረው እንደዚያው እንደ ሻንጣ መሆኑን ሳስብ፣ ጉዳዩ የውሻ ወዳዶች ብቻ አለመሆኑ ይታየኛል።

በእኔ ላይ ከደረሰው ግን መልካሙንም መናገር አለብኝ። «እሺ» ብዬ ዝም ካልኩ በኋላ፣ ከኋለኛው ክፍል አንዲት ዕድሜዋ ገፋ ያለ አስተናጋጅ መጣች። ምን እንደሰማች አላውቅም። ቆማ አላናገረችኝም፤ በመተላለፊያው ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ፊቷን ከእኔ ፊት ትክክል አድርጋ፣ በመስኮቱ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። የሳጥኑን ቀለም፣ የውሻውን ክብደትና ዕድሜ በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፈችና ወደ ፊት ሄደች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ጫኝ ከክንፉ ሥር ወጥቶ ጋሪውን ወደ ጥላው ሲጎትት አየሁ፤ ወዲያው ቀበቶው ተነሣ፣ ከሻንጣዎቹ ሁሉ ቀድሞም ግራጫው ሳጥን ወጣ። ተመልሳ መጥታ «ካፒቴኑ በደረሰው ወረቀት ላይ አንድ ውሻ እንዳለ ያውቃል፤ ክፍሉን ለእሱ በሚስማማ ሙቀት አድርጎታል። ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት።

ያ ወረቀት በሙያው ሰዎች ዘንድ «ኖቶክ» የሚባለው፣ በዕቃው ክፍል ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ጭነት መኖሩንና የተቀመጠበትን ቦታ ለካፒቴኑ የሚያስታውቅ ሰነድ ነው። መረጃው ከመጀመሪያው ጀምሮ አውሮፕላኑ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ከእኔ ወንበር በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ። ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ሰው እስከ አብራሪዎቹ ክፍል በር መሄዱ ብቻ ነበር። አላስካ ኤርላይንስ እንስሳው መጫኑን የሚገልጽ ካርድ ለባለቤቱ እስከ ወንበሩ ድረስ የማምጣት ልማድ እንዳለው ካወቅሁ በኋላ፣ አይቻልም የሚለውን መልስ ከማንም አልቀበልም።

ስንደርስ ቡቺ የወጣው ከሻንጣ መቀበያው ቀበቶ ላይ ሳይሆን በጎን ካለው ሰፊ በር ነው። ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ከውስጥ ያነጠፍኩለት የለበስኩት ሸሚዝ በአንድ ጥግ ተጨምቆ እርጥብ ሆኗል፤ ከላይ ካለው አረንጓዴ ወረቀት ጎን ደግሞ አንድ ሰው በእስክርቢቶ የቡቺን ስም በላቲን ፊደል ጽፎበታል። የማን እጅ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሳስረክበው ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ለአየር መንገዱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለቱንም አስተናጋጆች ጠቀስኩ፤ የመጀመሪያዋን እንዲቀጡ ሳይሆን ሁለተኛዋ ያደረገችውን ደንብ እንዲያደርጉት ለመንኩ፤ ተሳፋሪ እንስሳዬ ተጭኗል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ካፒቴኑ እጅ ካለው ወረቀት ታይቶ እንዲነገረው። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ጨዋነት ያለው ደብዳቤ ነበር፤ በአርእስቱ ላይ «የዘገየ ሻንጣ» የሚል መደብና የሻንጣዬ መለያ ቁጥር ነበረበት፤ ሻንጣዬ በመጨረሻ በሰላም ስለደረሰልኝ ደስ መሰኘታቸውን ይገልጻል። ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ጻፍኩና፣ በሻንጣው ቁጥር ቦታ የውሻዬን ስም አስገብቼ መልሼ ላክሁት።